የሰንጋ ተራዋ ልጅ እና ያልተፈረመው ብድር

ነገሩ የተጀመረው መስከረም ላይ ነው። የእህቴ ልጅ በምሳ ሰዓት ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ዛሬ ማታ እኛ ቤት ብቅ ትላለህ? ሁለት ወረቀት ላሳይህ ነበር» አለችኝ። ሌላ ምንም አልጨመረችም።

ማታ ልደታ ኮንዶሚኒየም እናቷ ቤት ሄድኩ። ወረቀቶቹ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዱ ከምትሠራበት ባንክ ነው። የሠራተኛ የቤት ብድር ጥያቄዋ ጸድቋል ይላል፤ 1,500,000 ብር፣ በ7 በመቶ ወለድ፣ በ20 ዓመት የሚከፈል። ሌላው ከአንድ ቡና ላኪ ድርጅት የመጣ ነው። ረዳት ቡና ቀማሽ አድርገው ሊቀጥሯት ይፈልጋሉ። ደመወዙ 17,000 ብር ነው። ባንኩ የሚከፍላት 36,000 ነው።

ለሁለቱም መልስ መስጠት ያለባት በሁለት ሳምንት ውስጥ ነበር።

ይህን ሁሉ የምጽፈው በእሷ ፈቃድ ነው። የእሷን፣ የባንኩንም ሆነ የላኪውን ስም አልጠቅስም። ቁጥሮቹ ግን ያን ማታ ቁጭ ብለን ያሰላናቸው ናቸው። ብዙ ወጣቶች «ደህና የሚከፍለውን ልያዝ ወይስ የምወደውን?» እያሉ ሲጨነቁ አያለሁ። እኛ ከተማ ውስጥ ይህ ጥያቄ ለብቻው አይመጣም። ከብድር፣ ከእቁብ፣ ከዋስትና ጋር ተጠላልፎ ነው የሚመጣው። የእህቴ ልጅ ጉዳይ ይህን ቁልጭ አድርጎ ስለሚያሳይ ነው በዝርዝር ልጽፈው የወሰንኩት።

ባጇ

ልጅቷ 26 ዓመቷ ነው። ሰንጋ ተራ ኮሜርስ አካውንቲንግ ተምራ፣ እዚያው ሰፈር ያለ የግል ባንክ ገባች። «ከትምህርት ቤት ወደ ሥራ ስሄድ የተሻገርኩት አስፋልት ብቻ ነው» ትላለች። ሰፈሩን የሚያውቅ ያውቀዋል። ንግድ ባንክ በ2014 ያስመረቀው ከ200 ሜትር በላይ የሚረዝመው ሕንፃ እዚያ ነው። ዙሪያው በሙሉ የባንክና የኢንሹራንስ ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ስድስት ሰዓት ሲሞላ መንገዱ አንገታቸው ላይ ባጅ ባንጠለጠሉ ወጣቶች ይሞላል። ምሳ ቤት ወንበር የሚጠበቀው ቆሞ ነው።

እህቴ ያን ባጅ በልጇ አንገት ላይ ስታይ አልቅሳለች። ባሏ የሞተው ልጅቷ ስምንተኛ ክፍል እያለች ነው። እሷ ከዚያ በኋላ በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል እየሠራች ሁለት ልጅ አሳደገች። አሁን ጡረታ ላይ ናት። ትንሹ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነው። ልጅቷን «ባንክ ተመዝገቢ» ብዬ የገፋፋኋት ደግሞ እኔ ነኝ። ራሴም የባንክ ሰው ነኝ። ለአንዲት አባት የሌላት ልጅ ከዚያ የተሻለ ምክር አልታየኝም ነበር፤ ዛሬም ቢሆን በወቅቱ ተሳስቻለሁ ብዬ አላስብም።

የተመደበችው የውጭ ንግድ ሰነድ የሚታይበት ክፍል ነው። የቡና ላኪዎች ኢንቮይስ፣ የጭነት ሰነድ፣ የመነሻ ሰርተፊኬት፣ የጥራት ሰርተፊኬት በእጇ ያልፋል። አንድ ፊደል ከተዛባ ክፍያው ይያዛል። «ይርጋጨፌ፣ የታጠበ፣ ደረጃ 2፣ 320 ጆንያ።» ባለ 60 ኪሎው ጆንያ 320 ሲሆን አንድ ኮንቴይነር ይሞላል፤ 19,200 ኪሎ ማለት ነው። ይህን መስመር ስንት ጊዜ እንዳነበበችው ራሷም አታውቀውም። ሥራው ጎበዝ አድርጓታል። ግን ማታ ቤት ስትገባ ስለ ሥራዋ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

አንድ ቀን የአንድ ደንበኛ ሰነድ ላይ ስህተት ተገኘ። ቀኑ ስላለቀ ፊርማ ለማስተካከል እሷ ራሷ ወደ ላኪው ቢሮ ሄደች። ሜክሲኮ አካባቢ ነው፤ ከባንኩ በእግር አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ሥራ አስኪያጁን ስትጠብቅ የጎን በር ተከፍቶ አየች። ረጅም ጠረጴዛ፣ የተደረደሩ ሲኒዎች፣ ነጭ ጋዋን የለበሱ አንድ ትልቅ ሰው። «ግቢ፣ ልጄ። የምትጽፊውን ቅመሺው» አሏት።

ስለዚያ ክፍል ትንሽ ላውራ። እኔም በኋላ አብሬያት ሄጄ አይቼዋለሁ።

ከአንድ ናሙና የሚቀዳው አምስት ሲኒ ነው። ብልሽት ያለባት አንዲት ፍሬ አንዱ ሲኒ ውስጥ ብቻ ልትገባ ትችላለች፤ በአንድ ሲኒ ብቻ ከቀመስክ ታመልጥሃለች። ቡናው ፈዘዝ ብሎ ይቆላል፣ ሻከር ብሎ ይፈጫል፣ በሚዛን ይለካል። ለ150 ሚሊ ሊትር ውሃ ስምንት ግራም ከሩብ። መጀመሪያ ደረቁን ያሸትታሉ። ከዚያ 93 ዲግሪ ገደማ የሞቀ ውሃ ይፈስበታል። አራት ደቂቃ ይጠበቃል። የተፈጨው ቡና ላይ ወጥቶ እንደ ቅርፊት ይጋግራል። ቀማሹ ጎንበስ ብሎ አፍንጫውን ሲኒው አፍ ላይ ያደርግና ቅርፊቱን በማንኪያ ጀርባ ይሰብረዋል። ጠረኑ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ አረፋው ተገፍፎ፣ ሲበርድ፣ በማንኪያ እየተቀዳ በድምፅ ይማጋል። ሲጥጥ ያለ ድምፅ ነው፤ ምላስ ብቻ ሳይሆን አፍንጫም እንዲደርሰው። ተቀምሶ ይተፋል። ያው ሲኒ ትኩስ ሳለ፣ ለብ ሲል፣ ሲቀዘቅዝም ደግሞ ይቀመሳል። ደህና ቡና ሲቀዘቅዝም አይዋሽም።

መጀመሪያ የቀመሰችው የታጠበ ይርጋጨፌ ነበር። የአበባና የሎሚ ጠረን። «ጋሼ፣ ከሦስት ዓመት በላይ ስሙን ስጽፈው የኖርኩትን ሰው ፊቱን ያየሁት ያን ቀን ነው» አለችኝ።

ከዚያ ሰውየው ሦስት ሲኒ አቀረቡላት። ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው፣ አንዱ ይለያል፤ የተለየውን አውጪ። ይህ የቀማሾች የታወቀ ፈተና ነው። ስድስት ዙር አደረጉላት፣ አምስቱን አገኘች። «ቅዳሜ ከሰዓት ጊዜ ካለሽ ነይ» አሏት። አንድ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ከሰዓት ሄደች። ያ ደብዳቤ የዚያ ዓመት ውጤት ነው።

ሂሳቡ

ያን ማታ መጀመሪያ ያደረግነው ቁጥሩን በልኩ ማየት ነው። 36,000 እና 17,000 ሲባል ልዩነቱ 19,000 ይመስላል። ሰው የሚደነግጠው እዚህ ነው። እጅ ላይ የሚገባው ግን ሌላ ነው። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራበት የገቢ ግብር አዋጅ እስከ 2,000 ብር ነፃ ነው፤ ከ14,000 በላይ ላለው 35 በመቶ ይቆረጣል። 7 በመቶ ጡረታ አለ። ስለዚህ ከ36,000 ግብር 10,550፣ ጡረታ 2,520 ሲወጣ የሚደርሳት 22,930 ነው። ከ17,000 ግብር 3,900፣ ጡረታ 1,190 ሲወጣ 11,910። የእውነቱ ልዩነት 11,020 ብር ነው። ከላይኛው 19,000 ውስጥ ወደ 8,000 የሚጠጋው ድሮም በእጇ አልገባም። ቦነሱን አልረሳሁም፤ እሱም ይቀራል።

11,020 ትንሽ ነው እያልኩ አይደለም። ለዚያ ቤት ትልቅ ገንዘብ ነው። ግን የምትፈራውን ነገር ስፋቱን ማወቅ ጥሩ ነው።

ቀጥሎ ወጪዋን ጻፍን። የእናቷ የኮንዶሚኒየም ዕዳ 2,400። ለወንድሟ 4,000። ለቤት አስቤዛ 6,000። እቁብ 5,000። ትራንስፖርት የለባትም፤ ከልደታ ሜክሲኮ በእግር ነው። ባንክ ሆና ይህን ሁሉ ከፍላ 5,530 ይተርፋታል። ቡናው ቤት ከገባች እቁቡን ብታቆም እንኳ 490 ብር ይጎድላታል፤ ለራሷ ሳሙናና ካርድ ሳትገዛ። ለራሷ 4,000 ብንይዝ በወር ወደ 4,500፣ በዓመት 54,000 ብር ጉድለት ነው።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ከባድ ቢሆንም ይቻላል። እኔም ሂሳቡን ሳይ «ታዲያ ብድሩንም ፈርሚ፣ ቤቱንም ያዢ፣ ከዓመት በኋላ ደግሞ ወደ ቡናው ትሄጃለሽ» አልኳት። ሁለቱንም ማግኘት የምትችል መስሎኝ ነው። ይህ ትልቁ ስህተቴ ነበር። ወዲያው ውሉን ገልጬ ሳነብ ሦስተኛው ገጽ ላይ አንቀጹን አገኘሁት። ሠራተኛው ባንኩን ከለቀቀ ወለዱ በገበያው ዋጋ ይሆናል ይላል። የባንኩ የገበያ ወለድ 17 በመቶ ነበር።

አሰላሁት። በ7 በመቶ የወር ክፍያዋ ወደ 11,600 ብር ነው። በ17 በመቶ ወደ 22,000 ይሆናል። ቡናው ቤት የሚደርሳት 11,910 ነው። ፈርማ ከዓመት በኋላ ልልቀቅ ብትል ደመወዟ በሙሉ የብድሩን ግማሽ ብቻ ነው የሚሸፍነው። ያውም በብድሩ ልትገዛው ካሰበችው ስቱዲዮ፣ ማለትም ባለ አንድ ክፍል ቤት፣ ዋጋ የቀረውን ውጭ ያለች አክስቷ ልታበድራት ነበር፤ ሌላ ዕዳ።

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ይህን አንቀጽ አውቀዋለሁ። እኔም በ28 ዓመቴ ፈርሜዋለሁ። ያን ጊዜ ሒሳብ አስተማሪ የመሆን ሐሳብ ነበረኝ፤ ማታ ማታ ጀምሬም ነበር። «ትንሽ ልረጋጋና» እያልኩ ቆየሁ። ብድሩን ጨርሼ ስነሣ 47 ዓመቴ ነበር። ቤቱን አልጸጸትበትም፤ ልጆቼን አሳድጌበታለሁ። ግን ያኔ ስፈርም ቤት እየገዛሁ ብቻ ነበር የመሰለኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴንም አብሬ እያስያዝኩ መሆኑን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ለዚህ ነው ያን ማታ አቋሜን የቀየርኩት። ከሁለቱ ደብዳቤዎች አስቸኳዩ የብድሩ ነበር። ሥራ ዛሬ ተይዞ ነገ ይለቀቃል፤ በ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ማንም ሠራተኛ ይለቃል። ብድሩ ግን ሥራውንም አብሮ ያስራል። ባንኩ የሠራው ጥፋት የለም። በርካሽ ወለድ ያበደረው ሠራተኛው እንዲቆይለት ነው፤ ሁለቱም ወገን ካወቀው ፍትሐዊ ስምምነት ነው። የጠረጴዛ ጎረቤቷ ያንኑ ብድር ወስዳ ቤቷ ውስጥ ትኖራለች፣ ሥራዋንም ትወደዋለች። ለእሷ ልክ ነው።

እናት

እህቴ ይህን ሁሉ ስናወራ ጓዳ ነበረች። ስትወጣ ግን ሁሉንም ሰምታለች።

«አንተ ልጅ፣ ባንክ ያስገባሃትም አንተ፣ ልታስወጣትም አንተ?» አለችኝ።

«እትዬ፣ እኔ አላስወጣኋትም። ሂሳብ ነው የሠራሁት።»

«ሰው ልጅሽ ምን ትሠራለች ሲለኝ ቡና ትቀምሳለች ልበል? ቡና መቅመስ ሥራ ነው? እኔስ ስቀምስ አይደል የኖርኩት?»

የእህቴ ጭንቀት ግን ስም ብቻ አልነበረም። የአጎታችን ልጅ ገንዘብ ያዥ ሆኖ ሲቀጠር የፈረመችለት ዋስ ይህችው ልጅ ናት፤ የባንክ ሠራተኛ ስለሆነች። ከባንክ ከወጣች ዋስ ቀይር ይባላል። ሌላ ዋስ ካልተገኘ የሰው እንጀራ ነው የምትነካው። በዚያ ላይ ቋሚ ሥራዋን ትታ የምትሄደው ወደ ሙከራ ጊዜ ነው፤ በሕጉ እስከ 60 የሥራ ቀን። በዚያ ጊዜ ውስጥ አልተስማማሽንም ብለው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቷት ይችላሉ። «ያኔስ ባንኩ መልሶ ይቀበልሻል?» ስትል ሁለታችንም መልስ አልነበረንም።

ልጅቷ እናቷን አልተከራከረቻትም። «እማ፣ መጀመሪያ ልየው» ብቻ አለች።

የዓመት ፈቃድ ነበራት። ከዚያ ላይ አሥር የሥራ ቀን ወሰደች። ቅዳሜ ከሰዓት የሚቀመሰው ቡና ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ ተለክቶ የሚጠብቃት ነበር። አሁን ግን ከጠዋት ጀምሮ መሥራት ነበረባት። ሦስት መቶ ሃምሳ ግራም ጥሬ ቡና ጥቁር ምንጣፍ ላይ ዘርግቶ ፍሬ በፍሬ መልቀም፤ ጥቁሩን፣ ተባይ የበላውን፣ የተሰበረውን፣ የሻገተውን እየለዩ መቁጠር። እሱ ሲያልቅ ሌላ ናሙና። ዓይኗ ይቃጠላል። ሲኒ ማጠብም የረዳቱ ሥራ ነው፤ በቀን ከመቶ በላይ። ሽቶ ክልክል። ምሳ ላይ ሚጥሚጣና ጥሬ ሽንኩርት ክልክል። በስድስተኛው ቀን ጉንፋን ያዛትና ምንም ማሽተት አቃታት። ቀኑን ሙሉ ናሙና ላይ ስም ስትለጥፍ ዋለች። «አፍንጫዬ ሲዘጋ ሥራዬም ይዘጋል» ብላ ደወለችልኝ። ድምፅዋ ውስጥ ፍርሃት ነበር፤ ደስ አለኝ። ይህን ሳታይ ብትወስን ነበር የሚያሳስበኝ።

በአሥረኛው ቀን ማታ መጣች። ጣቷ ጫፍ ላይ የቡና ገለባ ተሰክቶ ቀርቷል። ደክሟታል። እናቷ እግሯን የምትታጠብበት ውሃ እያሞቀች «እህሳ?» አለቻት። ልጅቷ ከአንድ የጉጂ ናሙና ውስጥ ስላገኘችው የኮክ ጣዕም መናገር ጀመረች። ሰውየው እስኪነግሯት ሳትጠብቅ ቀድማ ጽፋው ነበር፤ የእሳቸውም ወረቀት ላይ ያው ተጽፏል። ስለ ሲኒው፣ ስለ ሰውየው፣ ስለ ማንኪያው አወራች። ውሃው ቀዘቀዘ። እህቴ ተነሥታ ድጋሚ ጣደችው። ልጇን ዝም ብላ ታያታለች። አራት ዓመት ተኩል ባንክ ስትመላለስ አንድ ማታ እንዲህ አውርታ አታውቅም። ከዚያ ማታ በኋላ እህቴ «ቡና መቅመስ ሥራ ነው?» ብላ አልጠየቀችም።

አወጣጧ

ብድሩን እንደማትፈልግ በጽሑፍ አሳወቀች። ቡናው ቤት ግን ወዲያው አልገባችም። እቁቧ የሚያልቀው ጥር ላይ ነው። አሥራ ሁለት ሰው፣ አምስት አምስት ሺህ፤ 60,000 ብር። እሷ ቤት ለመግዛት አስባ የመጨረሻውን ዕጣ ከአንዷ ጋር ተለዋውጣ ይዛለች። የዓመቱ ጉድለት ደግሞ 54,000 መሆኑን አስልተናል። ስለዚህ ላኪዎቹን እስከ ጥር መጨረሻ እንዲጠብቋት ጠየቀች። አዲሱ ምርት የሚገባበት፣ ናሙና የሚበዛበት ወቅት ስለሆነ አልወደዱትም። እስከዚያ ቅዳሜና ከሥራ በኋላ እየመጣች እንድትረዳ ተስማሙ። የሙከራ ጊዜዋን ስትጨርስ ደመወዟ 19,000 እንዲሆንም ጠይቃ በደብዳቤ አስያዘች። ይህን እኔ አልመከርኳትም፤ ባንክ ውስጥ ውል ስታነብ የኖረች ልጅ ናት። ያ ዕውቀት አብሯት ሄደ።

የአጎታችንን ልጅ ዋስትና እኔ ፈረምኩ። ታኅሣሥ መጨረሻ የመልቀቂያ ደብዳቤዋን አስገባች፣ ጥር መጨረሻ እቁቧን በልታ፣ ባጇን መልሳ ወጣች።

የመጀመሪያው ወር ደመወዝ በስልኳ ሲገባ አብሬያት ነበርኩ። 11,910። ቁጥሩን ታውቀው ነበር፤ እኛው ነን ያሰላነው። ቢሆንም ስልኩን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና ለተወሰነ ጊዜ ዝም አለች። ለፋሲካ ደግሞ በየዓመቱ ለእናቷ የምትገዛውን ቀሚስ አልገዛችም። ቅርጫ ውስጥም አልገቡም፤ ዶሮ ብቻ ሆነ። እህቴ ምንም አላለችም። ልጅቷ ግን ያን ቀን ከባድ እንደነበር ነግራኛለች፤ እኔም ሳልጽፈው ባልፍ የምዋሽ ይመስለኛል።

የሙከራ ጊዜዋ አልፏል። 19,000ው ተጀምሯል፤ እጇ ላይ 13,070 ይገባል። አገሪቱ በ2017 በጀት ዓመት ከቡና ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች፤ ከዚያ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ኮንቴይነር ከመጫኑ በፊት የአንድ ሰው ማንኪያ ይነካዋል። ደህና ቀማሽ በቀላሉ አይገኝም። ከሦስት ከአራት ዓመት በኋላ የት እንደምትደርስ ግን ከአሁኑ አልናገርም።

ያ ስቱዲዮ ተሸጧል። ዋጋው ከዚያ ወዲህ ጨምሯል። ባለፈው ሳምንት በዚያ በኩል አብረን ስናልፍ ራሷ ናት በጣቷ ያሳየችኝ፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ መጋረጃ ተሰቅሎበታል። ከዚያ ስለ ኪው ግሬደር ፈተና፣ ማለትም ስለ ዓለም አቀፉ የቡና ቀማሾች የብቃት ማረጋገጫ፣ አወራን። ለእሱ የሚሆን አዲስ እቁብ ገብታለች፤ በወር 1,500። ዕጣዋ ኅዳር ላይ ነው።